ዳገት የሚወጣ ጠጠር

መካነ ሰላም፣ ጥቅምት 18 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለእህቴ ለፈርሂያ፣

ሰፈሩ በሙሉ በየስማቸው ሰላም በይልን ብለውኛል፤ ስማቸውን ብዘረዝር ወረቀቱ ስለሚያልቅ ሁሉንም በአንድ ላይ ተቀበዪልኝ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ወር አልፎታል። መልስ ሳልሰጥሽ መቆየቴን ይቅር በይኝ፤ ስንፍና አይደለም፣ ምክንያቱን ወደ ታች ታገኚዋለሽ።

አስቀድሜ የጠየቅሽኝን ልመልስ። እናትሽ እማ ኸዲጃ ደህና ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ። ሳሉም ለቅቋቸዋል። የላክሽውን ፎቶግራፍ ሰጠኋቸው። ወደ ብርሃኑ ወጥተው አገላብጠው አዩትና «ይቺ ልጅ ሻሹን ማን እንዲህ አሰራት?» አሉ። ከዚያ ጉያቸው ከተቱት፣ ይኸው እስካሁን ለማንም አላሳዩም። አሠሪዎችሽስ ይመቱሻል ወይ?

የሰማሽው ወሬ እውነት ነው፤ ማሽኑ መጥቷል። አንቺና እኔ ከእናትሽ ጋር ሰፌድ ይዘን፣ ዐይናችን እስኪቀላ ምስር ስንለቅምበት በነበረው መጋዘን ጥግ ተተክሏል። አብረውት ጋሽ ዓባይነህ የሚባሉ መካኒክ ከኮምቦልቻ መጥተው ነበር። የመጋዘኑ ኃላፊ አቶ በፍቃዱ «ከለቃሚዎቹ ማንበብ የምትችል አንዷ ትማር» አሉና እኔን አቆሙኝ። አንቺ ብትኖሪ ኖሮ አንቺን ነበር የሚያቆሙት፤ በትምህርት ትበልጪኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንደ አልጋ የሰፋ፣ ዘንበል ያለ ወንፊት አለው። ከሥሩ ነፋስ ይነፋል፣ ወንፊቱ ደግሞ ያለማቋረጥ ይንቀጠቀጣል። ምስሩ ቀላል ስለሆነ ነፋሱ ብድግ ያደርገውና ቁልቁል ይፈሳል። ጠጠሩ ግን ይከብዳል፤ ከወንፊቱ አይነሳም፣ መንቀጥቀጡ እየገፋ ሽቅብ ያወጣዋል። ድንጋይ በራሱ ዳገት ሲወጣ አየሁ ብልሽ ታምኚኛለሽ? እናትሽ አጠገቤ ቆመው ሲያዩ ቆዩና «ደግሞ ድንጋይ እግር አወጣ?» አሉ። ጋሽ ዓባይነህ ሳይቀሩ ሳቁ።

ግን ገና አልተስማማም። ኮምቦልቻ የተስተካከለው ልክ እዚህ ደጋው ላይ አልሠራም። ነፋሱ ሲያንስ ምስሩ ከጠጠሩ ጋር ይወጣል፣ ሲበዛ ጠጠሩ ከምስሩ ጋር ይወርዳል። ጄኔሬተሩም እንደ ሰው ቀን አለው፣ አንዴ ይፈጥናል አንዴ ያዘግማል። ጋሽ ዓባይነህ ሌላ ቦታ ሥራ ነበረባቸው፤ «ቀስ እያልሽ አንቺው ታስማሚዋለሽ» ብለው መፍቻውን ትተውልኝ ሄዱ።

አሁን ወደ ፈራሁት ልምጣ። ከለቃሚዎቹ አብዛኞቹ ተሰናብተዋል። የቀሩት እናትሽ፣ እትዬ እናኑና እትዬ አልታዬ ናቸው፤ እነሱም «ማሽኑ እስኪስተካከል» ተብለው ነው። የሚያስተካክለው ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ። አንቺ ማሽን ሊመጣ ነው ሲባል ነው ሥራ ፍለጋ ባሕር የተሻገርሽው፤ እኔ ደግሞ ማሽኑን ይዤ ቆሜያለሁ። ይህን ለአንቺ መጻፍ ከበደኝ። የዘገየሁትም በዚህ ነው።

እህትሽ ሙሉሐረግ


ጅዳ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 1994 ዓ.ም.

ሙሉዬ፣

እንዴት አደርሽ፣ እንዴት ዋልሽ፣ እንዴት አመሸሽ፤ በየቀኑ እንዳልኩሽ ቁጠሪልኝ።

ይመቱሻል ወይ ላልሽው፣ አይመቱኝም። የምሠራላት ሴትዮ ክፉ አይደለችም፣ ስሜን ግን እስካሁን አልያዘችውም፤ በፊት የነበረችውን ሠራተኛ ስም ነው የምትጠራኝ። ረመዷኑ ለእነሱ ማፍጠሪያ ስሠራ አለፈ። ዒዱ ከሦስት ቀን በፊት ነበር። በመስኮት ልጆቹ አዲስ ልብስ ለብሰው ሲወጡ አየሁና እማ በዒድ ጠዋት ምን እንደምትል ትዝ አለኝ፤ ተይው።

ይህን ስሚና ሳቂብኝ። እዚህ ምስር በፌስታል ታሽጎ ነው የሚሸጠው፣ ጠጠር የሚባል የለውም። እኔ ግን ሳህን ላይ ዘርግቼ እለቅመዋለሁ። ሴትዮዋ አይታኝ «ምን ጠፋብሽ?» አለችኝ። ምን ልበላት? ሰብስቤ ቀቀልኩት።

ስለ ማሽኑ ለምን ይቅርታ ትጠይቂኛለሽ? አንቺ አላመጣሽው። አብሽሪ። የምለምንሽ ግን አለ። አባባ የሞተ ጊዜ እማ ምን ያህል ዝም እንዳለች አንቺ ታውቂያለሽ። ሼሁም መጡ፣ አክስቶቼም መጡ፣ አንድ ቃል ያወጣላት አልነበረም። አፏ የተፈታው መጋዘን ገብታ ከነእትዬ እናኑ ጋር ሰፌድ ይዛ ስትቀመጥ ነው። በመጀመሪያ የተናገረችውም ታስታውሺያለሽ፣ «እናኑ፣ ያንን ጠጠር አለፍሽው» ነበር። እኔ አጠገቧ ነበርኩ፤ ሰፌዴን ይዤ ወደ ግድግዳው ዞርኩ፣ እንዳታየኝ።

ደመወዟን እኔ እተካላታለሁ። ሰዎቹን ግን ከየት አምጥቼ እተካላታለሁ? ሙሉ፣ በምትችይው ሁሉ ከዚያ መቀመጫዋ እንዳትነሳብኝ። ሌላ የምልሽ የለኝም።

ፈርሂያ


መካነ ሰላም፣ የካቲት 3 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለፈርሂያ፣

ጤናሽን እንዲጠብቅልሽ እኔ በማርያም፣ እማ በዱዓቸው ይዘንሻል፤ በሁለት በኩል ነውና አንዱ ይደርሳል።

አሁን የምነግርሽን ለማንም አታውሪ። ለነገሩ እዚያ ለማን ታወሪያለሽ።

ማሽኑ ተስማማልኝ። አቶ በፍቃዱ ወረዳ ስብሰባ ሄደው፣ መጋዘኑ ጸጥ ባለበት ጠዋት ነው። የነፋሱን መግቢያ ትንሽ ገርበብ አደረግኩ፣ የወንፊቱን የላይኛውን እግር ብሎን ፈትቼ ጥቂት ዝቅ አደረግኩት፣ ከዚያ ምስሩን በስሱ ለቀቅኩት። ፈርሂያ፣ ምስሩ ሊፈላ እንደተቃረበ ውሃ ሆነ። አንድ ላይ እየተነፋ፣ ሳይዘል ሳይረጋ ቁልቁል ፈሰሰ። ጠጠሮቹ ደግሞ ከመሃሉ አንድ በአንድ እየተለዩ ዳገቱን ወጡና በላይኛው አፍ በኩል ጣሳው ውስጥ ቀጭ፣ ቀጭ እያሉ ወደቁ። ከታች የወረደውን በእፍኜ ዘግኜ መዳፌ ላይ ዘረጋሁት። አንድም የለበትም። ዐይኔ እንባ አቀረረ። በእጄ እንዲህ የተስተካከለ ነገር ሠርቼ አላውቅም።

ዞር ስል ሦስቱ ሰፌዳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። እትዬ አልታዬ ምስሩን በጣታቸው ወዲያና ወዲህ ያደርጋሉ። እትዬ እናኑ ወደ በሩ ያያሉ። እናትሽ ቀና ብለው፣

«ሙሉ፣ የዛሬው ጠጠር የለውም» አሉኝ።

«ነገ ይኖረዋል፣ እማ» አልኳቸው።

ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። መፍቻውን አነሳሁና ያንን እግር ከነበረበትም አልፎ ከፍ አደረግኩት። ወንፊቱ ቁልቁለቱ ሲበረታ ጠጠሩ መውጣት ያቅተዋል፣ ተንሸራቶ ከምስሩ ጋር ይወርዳል። ሁሉም አይደለም፤ ሦስት ሴቶችን የሚያውል ያህል ነው። እናትሽ እጄን አዩ፣ መፍቻውን አዩ። ወደ ቤት ስንመለስ ገበያው አጠገብ ክንዴን ያዙኝና «ሐጃሽን ያውጣልሽ» ብለው መረቁኝ። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር አንስተን አናውቅም።

አቶ በፍቃዱ በየሳምንቱ «እስካሁን አልተስተካከለም?» ይሉኛል። «ጄኔሬተሩ ነው» እላለሁ። ውሸት እንደማልችልበት ታውቂያለሽ፤ ይህን ግን ተለማመድኩት።

እናትሽ ትናንት ሲጫወቱ ስለ ሠርጋቸው አወሩን። አባትሽ በቅሎው ላይ አቀማመጡ አላማረም ነበር ብለው እትዬ እናኑን እስኪያስላቸው አሳቋቸው። ይህን ልጻፍልሽ ብዬ ነው የያዝኩት። ያለፈው ደብዳቤሽ ጽሕፈት ግን ለምን ተንጋደደ?

ሙሉሐረግ


ጅዳ፣ መጋቢት 20 ቀን 1994 ዓ.ም.

ሙሉዬ፣

ያለፈው ደብዳቤዬ ጽሕፈት ለምን ተንጋደደ ላልሽው፣ ቀኝ እጄን ካውያ ነካ አድርጎኝ ነበር። ድኗል። እንዴት ነካሽ ብለሽ ደግመሽ አትጠይቂኝ። ለእማም እንዳትነግሪ።

ያደረግሽውን አነበብኩት። ደስ አለኝ፣ ፈራሁም። አቶ በፍቃዱ ቢያውቁብሽ ሥራሽን ታጫለሽ፣ ለዚያውም በእኔ ልመና። ተዪው ብዬ ልጽፍልሽ ብዕሬን አነሳሁ። ከዚያ ስለ አባባ በቅሎ የጻፍሽውን ደግሜ አነበብኩት። እማ ስለ አባባ ስታወራ ከሞተ ወዲህ ሰምቼ አላውቅም።

ተዪው ብዬ መጻፍ አልቻልኩም።

ፈርሂያ


መካነ ሰላም፣ ግንቦት 25 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለእህቴ ለፈርሂያ፣

ጠፋሽብኝ ላልሽው አልጠፋሁም። እጀምራለሁ፣ እቀደዋለሁ። ዛሬ የመጣው ይምጣ ብዬ ነው የምጨርሰው። እማ ደህና ናቸው፤ ደህና ናቸው ስልሽ ግን ይቀምሳሉ፣ ይተኛሉ፣ ይነሳሉ ማለቴ ነው።

ሚያዝያ ላይ ከወግዲ በኩል የመጡ ገበሬዎች ዘር ወስደው ነበር። ባለፈው ሳምንት ተመልሰው መጡ። አንዱ ሽማግሌ በመሀረብ የቋጠሩትን አቶ በፍቃዱ ጠረጴዛ ላይ ፈቱት፤ ጠጠር ነው። «እኛ ዘር ብለን ነው የተሸከምነው። ድንጋይማ አገራችንም ሞልቷል» አሉ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። እነዚያ ሦስቱ ሴቶች ይለቅማሉ ብዬ ተማምኜ ነበር፣ ግን ዐይናቸው እንደ ድሮው አይደለም፤ ብዙ ያልፋቸዋል። የሚያልፋቸውን ሁሉ ደግሞ አንድ ሰው በጀርባው ተሸክሞ ዳገት ወጥቶበታል። ይህን አስቤው አላውቅም ነበር። የማስበው የእናትሽን መቀመጫ ብቻ ነበር።

ጋሽ ዓባይነህ ተጠሩ። ማሽኑን ዞሩት፣ ጎንበስ ብለው የወንፊቱን እግር ዳሰሱ።

«ይህን ማን ነካው?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«እኔ።»

«ሳታውቂ?»

ዐይኔ ወደ ሰፌዶቹ ሄደ። ዞር ብለው ሦስቱን ሴቶች አዩ። ሰፌዶቹን አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። አቶ በፍቃዱ ሲመጡ «ከመንቀጥቀጡ ብዛት ቦታውን ለቅቆ ነው» አሏቸው። እንዲህ ብለው አተረፉኝ። መፍቻውን ግን ለእኔው ዘረጉልኝ። «የገበሬ ዘር ነው፣ ልጄ። አንቺው መልሺው» አሉኝ።

ፈርሂያ፣ እጄ እምቢ አለኝ። እግሩን ወደ ልኩ ዝቅ አድርጌ፣ ብሎኑ ላይ መፍቻውን አስገብቼ ቆምኩ። አቶ በፍቃዱ «ምን ትጠብቂያለሽ?» ይላሉ። ያን ጊዜ እናትሽ ከተቀመጡበት ሆነው፣ እንዲህ ጮክ ሳይሉ፣ «አጥብቂው፣ ልጄ» አሉኝ። «የእኛን ተይው። አጥብቂው።»

አጠበቅኩት። ማሽኑ ተነሳ፣ ጠጠሩ ወጣ፣ ምስሩ ወረደ። አቶ በፍቃዱ ከወረደው ዘግነው አዩና ደስ አላቸው። በማግስቱ ለቃሚ አያስፈልግም ተባለ። እትዬ አልታዬ አለቀሱ። እናትሽ ሰፌዳቸውን አራግፈው፣ ሻርፓቸውን አስተካክለው፣ ለእኔም «ሰላም ዋይ» ብለው ወጡ።

አሁን የማደርገውን ልንገርሽ። በላይኛው አፍ ከሚወጣው ጠጠር ጋር አብሮ የሚያመልጥ ጥቂት ምስር አይጠፋም፤ ይደፋ ነበር። አስፈቅጄ ለእናትሽ እወስድላቸዋለሁ። ደጃፉ ላይ ቁጭ ብለው ከጠጠሩ መሃል ምስር ይለቅማሉ። እትዬ እናኑ ሲመቻቸው ይመጣሉ፤ ቤታቸው ሩቅ ነው፣ ጉልበታቸውንም ያማቸዋል። ስመጣ እናትሽ ያናግሩኛል። ግን እኔ ጠይቄ እሳቸው ሲመልሱ ነው።

የለመንሽኝን አልጠበቅኩልሽም። ብትቀየሚኝም አልቀየምሽም።

ሙሉሐረግ


መካነ ሰላም፣ መስከረም 6 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለፈርሂያ፣

እንኳን ከዘመን ዘመን አሸጋገረሽ። አልተቀየምኩሽም ብለሽ የጻፍሽልኝ ደርሶኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። ነሐሴ መጨረሻ የላክሁትም ደብዳቤ ይደርስሻል፤ እሱም ከዚህ ብዙ አይለይም።

ማሽኑ ደህና ነው። አሁን ሽምብራ ነው የያዝነው። ሽምብራ ከምስር ይከብዳል፣ ስለዚህ ነፋሱን ጨምሬ ነው የማስነሳው። መጀመሪያ እንደ ምስር መስሎኝ ስለቀው ወንፊቱ ላይ ቁጭ አለብኝና ከጠጠሩ ጋር ተያይዞ ወጣ። ነፋሱን ቀስ በቀስ ከፈትኩለት። አብዝቼ ስከፍት ደግሞ መሃሉ ላይ እየተበሳ ይዘላል፣ ያን ጊዜ መልሼ እዘጋለሁ። ማሽኑን የሚያዞረው ቺንጋም ተበጥሶ ነበር፤ እስከ ደሴ ተልኮ መጣ። ክረምቱ ከባድ ስለነበር መኪና ቆሞ ብዙ ቆየ።

ስለ እማ ጠይቀሻል። እማ አርፈዋል፣ ልፋቱ ሁሉ ቀርቶላቸዋል፤ አታስቢ።

አቶ በፍቃዱ ለወንፊቱ ክዳን ሊያሠሩለት ነው፣ አቧራው ስላስቸገረ። ሲሠራ እጽፍልሻለሁ። በርቺ።

ሙሉሐረግ


ጅዳ፣ ጥቅምት 15 ቀን 1995 ዓ.ም.

ሙሉ፣

ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ ደረሱኝ። በሁለቱም ማሽን ስታስተካክዪ ነው የማይሽ። ነፋስ ትከፍቻለሽ፣ ነፋስ ትዘጊያለሽ።

ድሮ በደብዳቤሽ ውስጥ እማ ትናገር ነበር። ሻሽሽን ማን አሰረው ትላለች፣ ድንጋይ እግር አወጣ ትላለች። ሥራዋን ያጣች ቀን እንኳን አጥብቂው ብላለች። አሁን አትናገርም። አንድ ቃል የላትም።

«አርፈዋል» ብለሽ ጻፍሽ። ሳነበው ከሥራ ማለትሽ ነው ብዬ አለፍኩት። በማግስቱ ጣሪያው ላይ አንሶላ ሳሰጣ ቃሉ ተመልሶ መጣብኝ። አንሶላውን እንደያዝኩ ቆምኩ።

ምን እንደሚሉሽ አውቃለሁ። ሰው አገር ላለች ልጅ መርዶ አይላክም፣ የሚሄድ ሰው ይገኝ፣ ሽማግሌ ይንገራት ብለውሽ ይሆናል። እዚህ ሽማግሌ የለም። በሬን አንኳኩቶ የሚገባ ሰው የለም። በር ራሱ የለኝም፤ የምተኛው ልብስ ማጠቢያው ክፍል ነው፣ ይህንንም ነግሬሽ አላውቅም። እኔ ጋ የሚመጣው ያንቺ ደብዳቤ ብቻ ነው።

እማ ሞታ ከሆነ ንገሪኝ። በሕይወት ካለች አንዲት የተናገረችውን ቃል ጽፈሽ ላኪልኝ፤ የእሷ መሆኑን አውቀዋለሁ።

ፈርሂያ


መካነ ሰላም፣ ኅዳር 22 ቀን 1995 ዓ.ም.

ፈርሂያ፣ እህቴ፣ ሆዴ፣

ሰላምታ አላስረዝምም። እማ ኸዲጃ ሞተዋል፣ አሏህ ይርሐማቸው። ፍልሰታ ጾም ላይ ሳለን ነው፣ ጁምዓ ቀን፣ ረፋዱ ላይ።

ሁሉንም በተራ እጽፍልሻለሁ፤ ማወቅ ይገባሻልና። ክረምቱ እንደገባ ሳሉ ተመለሰባቸው። ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው፣ መድኃኒት ተሰጣቸው፣ ትንሽ ቀለል አላቸው። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ባሰ። ደሴ ይሂዱ ተባለ። መንገዱን ጎርፍ ቆርጦት መኪና የሚባል አልነበረም። የሰፈሩ ሰው በቃሬዛ ይዘናቸው እንሂድ ሲል እሳቸው እምቢ አሉ። «በእኔ ምክንያት ሰው ጎርፍ አይግባ» አሉ።

እትዬ እናኑ ጉልበታቸውን እንዳመማቸው መጥተው አጠገባቸው ሰነበቱ። እስከ መጨረሻ ሰፌዳቸውን አልለቀቁም ብዬ ብጽፍልሽ ደስ ይለኝ ነበር። አይደለም። ሰፌዱ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ ሰኔ ውስጥ ነው የተውት። ያመጣሁላቸውን ጠጠር «ደጁ ላይ ድፊው፣ ጭቃ ያደርቃል» አሉኝ። ደፋሁት።

የተናገሩትን አንዲት ቃል ጠይቀሻል። ፈርሂያን ጥሩልኝ አላሉም፤ ሩቅ መሆንሽን ያውቁ ነበር። ከመሞታቸው በፊት በነበረው ሰኞ ዝናቡን እያዳመጡ ቆዩና «ልጄ ስትመጣ በክረምት እንዳይሆን በያት፣ መንገዱ ክፉ ነው» አሉኝ። ቃሉ የእሳቸው ነው፣ አልጨመርኩበትም።

የሰፈሩ ቅሬ፣ ዕድርተኛው በሙሉ ወጣ። በዚያ ዝናብ እስላሙም ክርስቲያኑም ተጋግዞ ቆፈረ። ያጠቧቸው የሰፈራችሁ ሴቶች ናቸው፤ ውሃውን ያሞቅነው እትዬ እናኑና እኔ ነን። ለሰደቃው እትዬ አልታዬ እንኳን ሳይቀሩ መጥተው ከእኛ ጋር ቁጭ አሉ። ከግንቦት ጀምሮ አንድ ላይ ያልተቀመጡት ሰዎች የተገናኙት በዚያ ቀን ነው።

እንዳልሽው ሽማግሌዎቹ ከለከሉኝ። ብቻዋን ላለች ልጅ በወረቀት አይነገርም አሉ። ግን እውነቱን ልንገርሽ፤ እነሱ ባይከለክሉኝም አልጽፈውም ነበር። ማሽኑ ገደላት ትያለሽ ብዬ ፈራሁ። እኔም አንዳንድ ቀን እላለሁ። የገደላቸው ደረታቸው ነው፤ ጤና ጣቢያውም ያለው ይህንኑ ነው። ዝምታው ግን ከመጋዘኑ በወጡ ማግስት እንደያዛቸው በዐይኔ አይቻለሁ። ሌላ ማድረግ የምችለው ነገር ነበር ወይ ብዬ አስባለሁ። የወግዲውን ሽማግሌ መሀረብም አስባለሁ። ሁለቱን አንድ ላይ አስቤ መጨረስ አልቻልኩም።

ብቻሽን እንዳታነቢው ልልሽ ፈለግኩ። ከማን ጋር ታነቢዋለሽ ታዲያ?

እህትሽ ሙሉሐረግ


ጅዳ፣ ጥር 8 ቀን 1995 ዓ.ም.

ሙሉዬ፣

ደብዳቤሽን ሾፌሩ ያመጣልኝ እንግዳ በነበረበት ቀን ነው። ትሪ ይዤ ስወጣ ስገባ ኪሴ ውስጥ ዋለ። ሲሄዱ ወደ ክፍሌ ገብቼ አነበብኩት። የልብስ ማጠቢያው እየዞረ ነበር። አልጮህኩም። በዚህ ቤት አይጮህም፤ ሕፃን ተኝቷል። ፊቴን ታጠብኩና ብርጭቆዎቹን ሰበሰብኩ።

በማግስቱ ጣሪያ ላይ ሳለሁ የጎረቤት ሠራተኛ በግንቡ በኩል አየችኝ። ኢንዶኔዢያዊት ናት፣ ቋንቋችን አይገናኝም። «ኡሚ» አልኳት፤ በእነዚህ ሰዎች ቋንቋ እናቴ ማለት ነው። ሌላ ቃል አላስፈለጋትም። እጇን በግንቡ ላይ አሻግራ እጄን ያዘችኝ፣ ከታች እስክትጠራ ድረስ አልለቀቀችኝም።

ማሽኑ ገደላት አልልሽም። አንቺም እንዳትይ። ከየካቲት እስከ ግንቦት እማ ስቃለች፣ ስለ አባባ አውርታለች፤ ያንን የሰጠሻት አንቺ ነሽ። ሽማግሌውም ዘራቸው ይገባቸዋል። እማም ይህን ስላወቀች ነው አጥብቂው ያለችሽ። እኔ ከዚህ በላይ አላውቅም። አንቺ ግን መፍቻውን በያዝሽ ቁጥር ይህን እያሰብሽ እንዳትታመሚብኝ። አደራ።

የደበቅኩሽም ነገር አለ። ኮንትራቴ በየካቲት ያልቃል። ጥቅምት ላይ ስጽፍልሽም አውቅ ነበር። ለእማ ሳልነግራት ሄጄ ደጇ ላይ ልቆም ነበር ያሰብኩት። አሁንም እመጣለሁ፤ ከዐረፋ በኋላ፣ አሏህ ካለ።

የምለምንሽ ይህ ነው። ከደሴ የሚመጣው መኪና ሲገባ መናኸሪያ ብቻሽን ጠብቂኝ። ስታዪኝ አታልቅሺ። ስለ እማ አታንሺብኝ፣ እኔም አልጠይቅሽም። ቀጥታ አንቺ ቤት እንሂድ፣ እራት እንብላ፣ እንተኛ። ለሽማግሌዎቹ አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ጎህ ሲቀድ፣ ለሁሉም ሰው እንደሚደረገው፣ ይምጡ። ሼሁም ይምጡ፣ እትዬ እናኑም፣ እትዬ አልታዬም፣ ቅሬውም። በሩን ያንኳኩ። ቁጭ ይበሉና ምንም እንዳልሰማሁ አድርገው ይንገሩኝ። እኔም ምንም እንዳልሰማሁ ሆኜ እሰማቸዋለሁ።

እስካሁን ድምፄን አውጥቼ አላለቀስኩም። ሰው ይዞኝ ማልቀስ እፈልጋለሁ።

ፈርሂያ